ሞያ ፖ ትቮያ፦ የአንድ ቀን የጀልባ ጉዞ በስቫልባርድ፣ ከነዓሣው

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዱን ያስቀረው ምሳው ነው፤ እሱን በኋላ እናገራለሁ።

ሰሜን ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ከተማ መኖር ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። እንጀራዬ አስተርጓሚነት ነው፦ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ አንዳንዴ ፍርድ ቤት፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ በስልክ። ቀኑን ሙሉ በሁለት ሰዎች መሐል ቁጭ ብዬ የአንዱን ለሌላው አቀብላለሁ። ስለዚህ ከኖርዌይ በስተሰሜን ባሉት የስቫልባርድ ደሴቶች፣ በዋናዋ ከተማ በሎንግየርቢየን ያለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት «የሩሲያና የኖርዌይ አዳኞች ሲግባቡበት የነበረውን ቋንቋ እየተማሩ የአዳኞቹን ጎጆ ይጎብኙ» ብሎ ሲያስተዋውቅ፣ ገንዘቤን ያወጣሁት እንደ ሌላው ሰው ለነጭ ድብ ሳይሆን ለቋንቋው ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ትንሽ ነው፣ ከተማዋም ትንሽ ናት፣ ከታች ደግሞ አንድ ሁለት ነገር ልወቅሰው ነው።

ዋጋው ያማል። ለእኔ 2,400 ክሮነር፣ ለ14 ዓመቱ ልጄ 1,800፣ የአውሮፕላኑን ሳልቆጥር። ለዚያ ገንዘብ ከሎንግየርቢየን ተነሥቶ ኢስፊዮርድ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ አፉ ላይ እስካለው ካፕ ሊኔ የሚሄድ ክፍት የጎማ ጀልባ፣ ሙሉ የብርድ ልብስ፣ ምሳ፣ የእግር ጉዞና ጠመንጃ የያዘች አስጎብኚ ታገኛላችሁ። ጠመንጃው ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። ከከተማው ክልል ከወጣችሁ ድብ የሚመጣበት አይታወቅም።

ከትሮምሶ ለምትሄዱ፣ ፓስፖርታችሁን አትርሱ። ስቫልባርድ የኖርዌይ ብትሆንም ከሸንገን ክልል ውጪ ስለሆነች አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ፓስፖርት ይታያል። እኔ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዴን ብቻ ይዤ ልወጣ ስል ልጄ ነው ያስታወሰኝ።

የሄድነው ነሐሴ 13 ነው፤ ቡሄ። ሆነ ብዬ አይደለም፣ ቦታ የተገኘው ያን ቀን ስለነበር ነው። እዚያ በዚያ ቀን ፀሐይ ገና አትጠልቅም፤ ልጄ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መጋረጃውን ገልጦ «ማሚ፣ ነጋ እንዴ?» እያለ አላስተኛኝም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወደቡ ዘንድ ተገኘን። አራት ዲግሪ ነው። በቦርሳዬ ውስጥ ትሮምሶ የጋገርኩት ሙልሙል አለ፣ አሥር ፍሬ።

ተሳፋሪዎቹ ስምንት ነበርን። አስጎብኚያችን የቫርዶ ልጅ ናት፣ ከኖርዌይ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ሩሲያ ቅርብ ከሆነበት። ልብሱን ለብሰን ጀልባው ሲጠበቅ፣ ታሪክ ትነግረናለች ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ አንዱ ጀርመናዊ ዞር ብላ «ካክ ስፕረክ?» አለችው። ሰውየው አፉን ከፈተ። ለእኔም «ካክ ስፕረክ?»፣ ለልጄም። ከዚያ የራሷን ጥያቄ ራሷ መለሰች፦ «ሞያ ኒክስ ፎርስቶ»። የመጀመሪያው «ምን አልክ?»፣ ሁለተኛው «እኔ አልገባኝም» ማለት ነው። ትምህርቱ በዚህ ተጀመረ፤ ካለመግባባት። አስተርጓሚ ብትሆኑ ኖሮ ይህችን ልጅ በዚያች ደቂቃ ነበር የምትወዷት። እኔ ሥራ ስጀምር ደንበኞቼን መጀመሪያ የማስተምራቸው ዓረፍተ ነገር «አልገባኝም» የሚለው ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚቸገረው እሱን ለመናገር ነውና።

ቋንቋው ሩሴኖርስክ ይባላል፤ ሩሲያኛና ኖርዌይኛ እንደማለት ነው። ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ግን «ሞያ ፖ ትቮያ» ይሉት ነበር፤ «የእኔ በአንተ» ብላችሁ ያዙት፤ እኔ ባንተ ቋንቋ እንደማለት። ልጄ «ሞያ» ሲባል ሳቀ። እኔ ሁልጊዜ «ሞያ የለህም» የምለው ልጅ ነው፤ እዚህ ግን ሞያ ማለት «እኔ»ም «የእኔ»ም ነው።

ፖሞሮች የሚባሉት በነጭ ባሕር ዳርቻ፣ በአርካንግልስክ አካባቢ የሚኖሩ ሩሲያውያን ናቸው። ከ1740ዎቹ ገደማ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) እስከ 1917ቱ አብዮት ድረስ በየበጋው ዱቄት፣ እንጨትና ገመድ ጭነው ወደ ሰሜን ኖርዌይ ይመጡና ዓሣ ጭነው ይመለሳሉ። ወደ ቫርዶ፣ ወደ ሐመርፈስት፣ ወደ እኛዋ ትሮምሶም። የሚመጡበት ሰሞን በኖርዌይኛ «ማከቲድ» ይባላል፣ የትል ጊዜ። በሙቀቱ ወራት ዝንብ ዓሣው ላይ ስለሚጥል ሰቅሎ ማድረቅ አይቻልም፤ ሩሲያዊው ግን እርጥቡን ተቀብሎ መርከቡ ላይ ጨው ያደርገዋል። ለአንዱ የሚበላሽበት ለሌላው ገበያ ነው። በናፖሊዮን ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ባሕሩን ሲዘጉ የሰሜኑ ሕዝብ እንጀራ ያየው በዚህ ዱቄት ነው። ትሮምሶ 11 ዓመት ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር።

ወደ ቋንቋው። ቃሉ ሁሉ ተቆጥሮ ወደ 400 ነው። ከዚያ ውስጥ የኖርዌይኛው ትንሽ ይበልጣል፣ ሩሲያኛው ይከተላል፣ የቀረው ከእንግሊዝኛ፣ ከጀርመንኛ፣ ከባሕረኛ ወሬ የተለቀመ ነው። ሰላምታው «ድራስቪ»። ኮድ ዓሣው በሩሲያኛው ትሬስካ። ስንት ነው? «ኮር ማንጎሊ?» ትገዛለህ? «ትቮያ ኮፖም?»

እኔን ያስደነቀኝ ግን «ፖ» ነው። ኖርዌይኛ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ እኛ «በ»፣ «ወደ»፣ «ዘንድ» ለምንለው ቃሉ ብዙ ነው፦ ኢ፣ ፖ፣ ቲል፣ ቬድ፣ ሁስ። ለምን «ኢ ትሮምሶ» ተብሎ «ፖ ስቫልባርድ» እንደሚባል መምህራችሁን ብትጠይቁ «እንዲሁ ነው» ነው መልሱ። የቋንቋ ፈተናዬ ላይ ስድስት ስሕተት ነበረኝ፣ አራቱ ይኼው ነበር። እነዚህ ሰዎች ምን አደረጉ? ሌላውን ከሞላ ጎደል ጣሉና «ፖ»ን አስቀሩ። «ፖ» በኖርዌይኛ አለ፣ በሩሲያኛም አለ። ወደ አርካንግልስክ፣ በአርካንግልስክ፣ የአርካንግልስክ፣ ሁሉም ፖ። ኖርዌጂያኑ የራሱን ቃል ሰማ፣ ሩሲያዊውም የራሱን። ግሡም እንዲሁ ነው። መጣሁ መጣሽ መጡ የለም፤ መጨረሻው ላይ «ኦም» ትለጥፋላችሁ፣ አለቀ። ድሪኮም መጠጣት፣ ስሊፖም መተኛት፣ ስካፎም መብላት። ማን፣ መቼ የሚለው ከአኳኋኑ ይታወቃል። ለኖርዌይ ባልደረባዬ አንድ ጊዜ «ነገረ» የሚለውን ቃል ስዘረዝርላት ግማሹ ላይ ቡና ልታፈላ የሄደችው ትዝ አለኝ።

ከዚያ ለሁለት ተከፈልን። እኔ፣ ልጄና ሁለት ስዊድናውያን ሩሲያ ሆንን፤ ከፊታችን የዱቄት ከረጢት ተቀመጠ። የቀሩት ኖርዌይ ሆነው ከእንጨት የተጠረበ ዓሣ ያዙ። እያንዳንዳችን 40 ቃል የተጻፈባት ካርድ አለችን። እንግሊዝኛ የተናገረ አንድ ዓሣ ይቀጣል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያ አፉን ከፍቶ የቀረው ጀርመናዊ ከልጄ ጋር ዋጋ ይከራከር ነበር። ልጄ በመጨረሻ ተናዶ ካርዱ ላይ ያለችውን ረጅም ዓረፍተ ነገር አነበበለት፦ «ሞያ ትቮያ ፖ ቫተር ካስቶም»። ውኃ ውስጥ እወረውርሃለሁ ማለት ነው፤ አስጎብኚያችን እንደነገረችን እሷ የፈጠረችው ሳይሆን ከተመዘገበው የድሮ ንግግር የተገኘ ነው። ዱቄቱ ተሸጠ።

ጀልባው ላይ ንፋሱ ስለሚጮህ ብዙ አይወራም። ሞተሩ ቆሞ ወፎቹን ስናይ ግን የአራቱን ሰዎች ታሪክ ነገረችን። ስፍራው እኛ የነበርንበት አይደለም፣ በምሥራቁ በኩል በኤጅ ደሴት አካባቢ ነው። በ1743 አራት ፖሞሮች ለአንድ ሌሊት ብለው ከመርከባቸው ወረዱ፤ ማለዳ ሲመለሱ መርከቡ የለም። የነበራቸው ባሩድ ለ12 ጥይት ብቻ ነው፤ በ12ቱ 12 አጋዘን ጣሉ። ባሩዱ ሲያልቅ ባሕር ከተፋው እንጨትና ከሚስማር ጦር ሠርተው ድብ ገደሉ። እንዲህ ሆነው ስድስት ዓመት። በ1749 ሌላ የፖሞር መርከብ ሲያገኛቸው ሦስቱ በሕይወት ነበሩ። አራተኛው በስከርቪ ሞቷል፣ ድድ በሚያደማው በሽታ። ታሪኩን የጻፈው ሌ ሩዋ እንደሚለው፣ ሌሎቹ ጥሬ ሥጋ እየበሉ፣ የአጋዘኑን ትኩስ ደም እየጠጡ፣ ቅጠል እየለቀሙ ሲድኑ እሱ ደሙን ተጸይፎ ነበር። ስዊድናዊቷ ፊቷን አጨማደደች። እኔና ልጄ ተያየን። ደሙን እንኳ እንተወው፣ ጥሬ ሥጋ ግን ሰው እንደሚያድን ለሐበሻ አይነገረውም።

ካፕ ሊኔ ወርደን አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። መሬቱ ረግረግና ድንጋይ ነው፤ የሰጡኝ ቦቲ በአንድ ቁጥር ይበልጠኝ ስለነበር ተረከዜ ተላጠ። ወፍራም ካልሲ የራሳችሁን ያዙ። የምንሄድበት ስፍራ ሩሰካይላ ይባላል። ኢቫን ስታሮስቲን የሚባል ፖሞር ከ30 ክረምት በላይ በዚህ ደሴት ኖሯል፣ የመጨረሻዎቹን 15 ሳያቋርጥ፤ በ1826 እዚሁ ሞተ። ቅርብ ያለው የባሕር አፍንጫ እስከ ዛሬ በስሙ ካፕ ስታሮስቲን ይባላል።

አሁን አንደኛው ወቀሳዬ። ማስታወቂያው «ጎጆ ይጎብኙ» ይላል፣ ፎቶውም የቆመ የእንጨት ቤት ነው። እዚያ ጎጆ የለም። የመሠረት መስመር፣ የሸክላ ስብርባሪ፣ አጥንትና ሣር ነው ያለው። እሱንም ከዳር ቆሞ ማየት እንጂ መርገጥ አይቻልም፤ በስቫልባርድ ሕግ ከ1946 በፊት የሰው እጅ ያረፈበት ነገር ሁሉ የተጠበቀ ቅርስ ነው፣ ሚስማር እንኳ ከቦታዋ አትነሣም። ደንቡ ትክክል ነው። ግን ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው አንድ ቀን እዚህ ቢመጣ ጥሩ ነው። እኔ በበኩሌ አላዘንኩም። አስጎብኚያችን ፖሞሮቹ በየሰፈሩበት ይተክሉት የነበረውን ትልቅ የእንጨት መስቀል ፎቶ አሳየችን፣ ከታች ያጋደለች አግዳሚ ያለችው። ይጸልዩበታል፣ ለመርከበኛም ከሩቅ ምልክት ይሆናል። በቡሄ ቀን፣ በዚያ በረዶ አገር፣ ኦርቶዶክሶች ሞተው የተቀበሩበት አፈር አጠገብ ቆሜ አማተብኩ። ልጄ አፍሮ ዘወር አለ።

ምሳው። ስመዘግብ ጾም ላይ እንደሆንኩ ጽፌያለሁ፦ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ዕንቁላል የለም። በስልክም ደውዬ ተናግሬያለሁ፣ በኖርዌይኛ፣ እንጀራዬ በሆነው ቋንቋ። የፈላ ውኃ የሚጨመርበት ደረቅ ምግብ በከረጢት ነው የሚሰጡት። የእኔን ከረጢት ስከፍተው ኮድ ዓሣ በካሪ። የጀልባው ረዳት ልጅ ቅር ብሎት «ዓሣ እኮ ሥጋ አይደለም!» አለኝ። እንግዲህ ይህን ክርክር ከአንድ የኖርዌይ ልጅ ጋር 78 ዲግሪ ሰሜን ላይ አልጀምረውም፤ አገር ቤትም አላለቀም። እናቴ ቤት ዓሣ በጾም አይገባም፣ የአክስቴ ቤት ይገባል፣ ሁለቱም አስቀዳሽ ናቸው።

አስጎብኚያችን ሰምታ መጣች። ይቅርታ ጠይቃ ስታበቃ ያለችኝ ግን ከጉዞው ሁሉ ያልጠበቅኩት ነው። ሩሲያ ያን ሁሉ ዓሣ የምትገዛው ለምን ይመስልሻል? አለችኝ። ለጾም ነው። የእነሱ ቤተ ክርስቲያን በአንዳንድ የጾም ቀናት ዓሣ ትፈቅዳለች፣ የጾሙ ቀን ደግሞ ብዙ ነው፣ ስለዚህ ገበያው አይጠፋም። ስልኬን አውጥቼ አየሁ። የእነሱ ደብረ ታቦር ከእኛው ጋር በአንድ ቀን ይውላል፣ ያው የድሮው አቆጣጠር ነውና፤ የእመቤታችንን ጾም እነሱም ይጾማሉ፣ በደብረ ታቦር ዕለት ግን ዓሣ ይበላል። ማለት ስታሮስቲን በዚያች ቀን፣ በዚያች ቦታ፣ ከረጢቴን ቢያገኘው ያለ ጭንቀት ይበላው ነበር። እኔ አልበላሁም። ሙልሙሌን አወጣሁ። ልጄ ወዲያው ተነሥቶ ለተሳፋሪው ሁሉ «ሞያ ሙልሙል! ትቮያ ኮፖም?» እያለ ዞረበት። ጀርመናዊው «ኮር ማንጎሊ?» አለ። በቸኮሌት ለወጡት።

ሁለተኛው ወቀሳዬ የማስታወቂያው ቃል ነው፤ «አዳኞች ሲግባቡበት የነበረ»። ስንመለስ ጠየቅኳት፦ ይህ ካርድ ላይ ያለው ንግግር ስቫልባርድ ላይ ነው የተሰማው? አልሸሸችም። ተጽፎ የደረሰን አብዛኛው ከዓሣና ከዱቄት ገበያው ነው፣ ከዋናው ምድር ወደቦች። የኦስሎው የስላቭ ቋንቋዎች ፕሮፌሰር ኦላፍ ብሮክ በ1927 ስለ ቋንቋው ሲጽፍ ንግዱ ራሱ ሞቷል። አዳኞቹ ጎን ለጎን መሥራታቸው ግን ተረት አይደለም። በ1795 ከሐመርፈስት አካባቢ የባሕር ዳር ሳሚዎች፣ የሰሜኑ ነባር ሕዝብ፣ በሩሲያ መርከብ ተቀጥረው ወደዚህ ደሴት መጥተዋል፤ ከኖርዌይ በኩል ለአደን እዚህ መጀመሪያ የደረሱት እነሱ ናቸው። ዋልረሱን፣ ቀበሮውን፣ ድቡን አብረው ሲያድኑ በምን ይነጋገሩ እንደነበር ማንም ቁጭ ብሎ አልጻፈላቸውም። ማስታወቂያው «የነጋዴና የዓሣ አጥማጅ ቋንቋ» ቢል እውነተኛ ይሆን ነበር፣ ግን ጀልባ አይሞላም።

ሌላም ነገረችኝ። መጀመሪያ ላይ ትልልቁም ነጋዴ በዚሁ ቋንቋ ነበር የሚገበያየው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ሀብታሞቹ ልጆቻቸውን አርካንግልስክ ልከው ደህና ሩሲያኛ ያስተምሩ ጀመር፤ ከዚያ በኋላ «ሞያ ፖ ትቮያ» የድሃ ዓሣ አጥማጅ መንተባተብ ሆኖ ተናቀ።

እኔን ከዚህ ሁሉ የያዘኝ ግን ያ ግማሽ በግማሽ የሆነው ቃል ነው። እህቴ ጂዳ ስምንት ዓመት ሠርታለች። እሷም እንዲህ ያለ ቋንቋ ይዛ ነው የተመለሰችው፦ «አና ማፊ መዕሉም»፣ እኔ አላውቅም። የግስ እርባታ የለም፣ ጾታ የለም፣ ፊሊፒናዋም ባንግላዴሹም የሚግባባበት ነው። አጥንቱ ሲታይ ከሩሴኖርስክ አይለይም። ቃሉ ግን ከሞላ ጎደል ዐረብኛ ነው። ማዳሟ በስምንት ዓመት አንዲት የአማርኛ ቃል አልያዘችም፣ «ቡና»ን እንኳ። እዚህ ወደብ ላይ ግን አንዱ ዱቄት አለው፣ ሌላው ዓሣ አለው፣ ማንም የማንም ሠራተኛ አይደለም። ሁለቱም እኩል ይንተባተባሉ። እያንዳንዱ የሌላውን ቋንቋ የተናገረ ይመስለው ነበር ይባላል። የእኔ ደንበኞች ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ የሚንተባተበው አንዱ ብቻ ነው፣ ለዚህም ነው እኔ የምቀጠረው። ይህን ለአስጎብኚያችን ስነግራት ጠመንጃዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛውራ ትንሽ ዝም አለችና፣ የጂዳውን ዓረፍተ ነገር ደግመሽ በይው አለችኝ፤ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ጀልባው ላይ መጸዳጃ የለም፣ ካፕ ሊኔ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ጠዋት ቡና አታብዙ። የምትሰጠውን ካርድ እንድትወስዱት ይፈቀዳል። ሕፃን ልጅ አይወሰድም፣ ብርዱ አይቻልም። ምግብ ስታዙ «ጾም» ወይም «አትክልት ብቻ» አትበሉ፤ «ቬጋን» ብላችሁ ጻፉ፣ ከጎኑም «ዓሣም አይሆንም» ብላችሁ ጨምሩ። ስለ ዓሣው ጽፌላቸው የአንድ ሰው ምሳ ሒሳብ መልሰውልኛል፣ 190 ክሮነር፣ በሦስት ቀን ውስጥ።

ልጄ ካርዱን ፍሪጁ ላይ ለጥፎታል። እስከዚያ ቀን ድረስ «ማሚ፣ ሴከኔን ስኩለን ረሳሁት» ሲለኝ፣ ቦርሳውንም ትምህርት ቤቱንም በኖርዌይኛ ስለሚል እቆጣው ነበር። ትናንት ማታ ከክፍሉ ሆኖ «ሞያ ሽሮ ስካፎም!» ብሎ ጮኸ። «ካክ ስፕረክ?» አልኩት።